ርካሽ የጠመንጃ ስኮፕ ይገዛል ወይስ ይቅር?

አዲስ ጠመንጃ የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል። አብዛኛውን ገንዘብ ጠመንጃው ወስዶታል። ለስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃው ላይ ለሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ የቀረችው ትንሽ ናት። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ቅርጻቸው አንድ ዓይነት የሚመስል፣ ዋጋቸው ግን አምስትና አሥር እጥፍ የሚራራቅ ስኮፖች ተደርድረዋል። ርካሹን ገዝቶ መጀመር ይሻላል? ወይስ ጥርስን ነክሶ መጠበቅ?

እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ርካሽ ገዝቼ ለዓመታት ያገለገለኝ ስኮፕ አለ። ርካሽ ገዝቼ በሁለት ወር የጣልኩትም አለ። ለረጅም ጊዜ ነገሩን የዕድል ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው። በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ያገለገለኝ ማጉያው የማይቀያየር፣ ባለ 4×32 የሆነ፣ ጌጥ የሚባል የሌለው ነው። የጣልኩት ባለ 6-24×50 ነው። መብራት አለው፤ ትልልቅ የማስተካከያ መዘውር አለው፤ ውስጡ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ላይ እንደ ማስመሪያ የተደረደሩ ብዙ ምልክቶች አሉት። የሁለቱ ዋጋ ግን ያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ትንሽ ነገር የሚሠራ ስኮፕ ግዙ። በዚያው ገንዘብ "ሁሉን እሠራለሁ" የሚለውን ተዉት። አንድ ፋብሪካ ለአንድ ስኮፕ የሚያወጣው ገንዘብ የተወሰነ ነው። ያንን ለመብራት፣ ለትልቅ ሌንስና ለብዙ ምልክት ካካፈለው ለዋናው ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ቁጥሩን ለማያውቅ ሰው፦ 3-9×40 ማለት ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 4×32 ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ 4 እጥፍ ነው፤ አይቀያየርም።

8 ክሊክ አዞርኩ፣ ምንም

ያን 6-24 ስኮፕ ይዤ ዒላማ ሜዳ የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። ርቀቱ 100 ሜትር ነው። ጠመንጃው አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሦስት ተኮስኩ። ሦስቱም ከመሃል 6 ሴንቲ ሜትር ያህል በስተግራ ተቀራርበው ሰፈሩ። ደስ አለኝ፤ ጠመንጃው አንድ ቦታ ይመታል ማለት ነው። የቀረው ማስተካከል ብቻ ነው።

መዘውሩ ሲዞር ቀጭ የሚልበት እያንዳንዱ እርምጃ ክሊክ ይባላል፤ የዚህ ስኮፕ አንድ ክሊክ ሩብ ኤም ኦ ኤ ነበር። ኤም ኦ ኤ የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ነው፤ 100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ክሊክ እንግዲህ ጥይቱን 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ማንቀሳቀስ አለበት። 8 ክሊክ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ተኮስኩ። እዚያው የድሮዎቹ ቀዳዳዎች አጠገብ። 4 ክሊክ ጨመርኩ። ተኮስኩ። አሁንም እዚያው።

አጠገቤ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ዒላማ ሜዳ ላይ ነው ያሳለፉት።

"ስንት አዞርክ?" አሉኝ።

"12 ክሊክ፣ ጋሼ።"

"ስንት ሄደ?"

"ምንም።"

"እንግዲያው መዘውሩን ሳትነካ አንድ ድገም።"

ደገምኩ። ጥይቷ በአንዴ 9 ሴንቲ ሜትር ዘላ ከመሃል በስተቀኝ አረፈች። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተጣብቆ ነበር፣ ልጄ። እርግጫው ነው ያላቀቀው" አሉኝ።

ያን ቀን ከ30 በላይ ጥይት ተኮስኩ። ማታ ስሄድ ዜሮው፣ ማለትም መስቀሉና ጥይቱ የሚገናኙበት ቦታ፣ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ቤት ደርሼ ሒሳቡን ስሠራ ያባከንኩት ጥይት ዋጋ ከስኮፑ ዋጋ ጋር ተደምሮ አንድ ደህና ስኮፕ ይገዛ ነበር። ርካሽ ስኮፕ ስትገዙ ይሄን ሒሳብ አስቡት። የማይረጋ ስኮፕ ጥይት ይበላል፤ ጊዜ ይበላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሰውየው ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። "አተኳኮሴ ነው የተበላሸው" እያለ ወራት የሚያሳልፍ ጀማሪ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረማ።

ውስጡ ምን አለ?

የስኮፑ ቱቦ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። የፊት ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚያስገባው፤ ያንን መልሶ የሚያቃኑት ሌንሶች ያሉት በዚህ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። መዘውሩን ስታዞሩ አንድ ብሎን ቀጭኑን ቱቦ ከላይ ወይም ከጎን ይገፋዋል። በተቃራኒው በኩል ሞላ አለ። ሞላው ቱቦውን መልሶ ወደ ብሎኑ ይጫነዋል። ዜሮው የሚጸናው በብሎኑና በሞላው መካከል ባለው መጫጫን ነው።

አሁን እርግጫውን አስቡ። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ይህ ሁሉ በኃይል ይመታል። ሞላው ደካማ ከሆነ ቱቦው ይላቀቅና ሌላ ቦታ ይቀመጣል። የብሎኑ ጥርስ ሸካራ ከሆነ ደግሞ እንደኔው ይጣበቅና ቆይቶ ይዘላል። ውድ ስኮፕ ላይ ከምትከፍሉት ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ በሞላው፣ በብሎኑ፣ በልኬቱ ጥንቃቄ። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በመስኮት ስትመለከቱ ይሄ በፍጹም አይታይም። የሚታየው ምስሉ ነው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ በምስሉ መርጦ በማሽኑ የሚከፋው።

ማጉያው የማይቀያየር ስኮፕ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ማጉያ የሚቀይሩት ሌንሶች ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለባቸው። ለመንሸራተት ክፍተት ያስፈልጋል። ክፍተት ካለ መነቃነቅ አለ። ባለ 4 እጥፉ ግን ሌንሶቹ አንዴ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። የሚበላሸው ነገር ጥቂት ስለሆነ በርካሽ ዋጋም ደህና አድርጎ መሥራት ይቻላል።

መስታወቱስ?

ስለ መስታወት ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ማስታወቂያ ነው። እውነተኛው ነገር ቅቡ ነው።

ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚገባው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። ስኮፕ ውስጥ 8 ሌንስ ካለ 16 ገጽ አለ። 16 ጊዜ 4 በመቶ እየተቀነሰ ሲሄድ ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው ከግማሽ ብዙም የማይበልጥ ነው። የጠፋው ብርሃን ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ያደበዝዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 የካርል ዛይስ ባልደረባ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ሌንስን በስስ ቅብ ሸፍኖ ይህን ነጸብራቅ የሚቀንስበትን መንገድ አገኘ። ዛሬ ጥሩ ቅብ በእያንዳንዱ ገጽ የሚጠፋውን ወደ ግማሽ በመቶ ካወረደው ከዚያው 16 ገጽ 92 በመቶ ያህሉ ብርሃን ያልፋል።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በደንብ አንብቡ። "ኮትድ" ብቻ ካለ ከገጾቹ የተወሰኑት አንድ ሽፋን ተቀብተዋል ማለት ነው። "ፉሊ ኮትድ" ሁሉም ገጽ አንድ ሽፋን አለው። "መልቲ ኮትድ" የተወሰኑ ገጾች በርካታ ሽፋን አላቸው። "ፉሊ መልቲ ኮትድ" ደግሞ ሁሉም ገጽ በርካታ ሽፋን አለው። በርካሹ መደርደሪያ ላይም የመጨረሻውን ማግኘት ይቻላል፤ ካገኛችሁ ውሰዱ። ሌንሱ ላይ ቀይ ሆኖ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ቅብ ያለበትን ግን አልመክርም። ቀዩ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ወደ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ቀን ላይ ርካሹንና መካከለኛውን ለይቶ ማየት ከባድ ነው። የሚለያዩት ሲመሽ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሁለት ስኮፕ፣ አንዱን ርካሽ አንዱን መካከለኛ፣ ከረጢት ላይ አጋድሜ 150 ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ዛፍ ላይ አነጣጠርኳቸው። ሁለቱም 6 እጥፍ ላይ ናቸው። እየተለዋወጥኩ አየሁ። መጀመሪያ ልዩነት አልነበረም። ፀሐይ ከገባች በኋላ በርካሹ ውስጥ ቀጫጭኖቹ ቅርንጫፎች እርስ በርስ መቀላቀል ጀመሩ። የግንዱ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ጥቁሩ መስቀል ከጥቁሩ ግንድ ጋር ተዋሃደና ጠፋ። በመካከለኛው ውስጥ ግን ቅርንጫፎቹን መቁጠር ይቻል ነበር። ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ለዒላማ ተኳሽ ይህ ምንም አይደለም። አዳኝ ግን ያችን ሩብ ሰዓት ነው ቀኑን ሙሉ የሚጠብቃት።

ትልቅ የፊት ሌንስ ሁልጊዜ ብርሃን ይጨምራል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የሌንሱን ስፋት ለማጉያው አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። 4×32 ላይ 8 ሚሊ ሜትር ነው። 3-9×40 በ9 ላይ 4.4 ነው። 6-24×50 በ24 ላይ ግን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ። የወጣት ዓይን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ድረስ ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ይወርዳል። እንግዲህ ምሽት ላይ ያ ትልቁ ባለ 50 ስኮፕ በሙሉ ማጉያው ከትንሿ ባለ 32 እጅግ የጨለመ ነው። ባለ 30 ሚሊ ሜትር ቱቦም እንዲሁ፤ ከ25.4ቱ ይልቅ ብርሃን አይጨምርም። ዋና ጥቅሙ መዘውሩ ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ማግኘቱ ነው።

"ኤች ዲ" የሚል ጽሑፍ ብታዩ አትደነቁ። ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የለውም።

አማራጮቹን እናወዳድር

ባለ ብዙ ጌጡ ርካሽ ስኮፕ ላይ ሐሳቤን ቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ አትግዙት። ምክንያቱን ልጨምር። መብራቱ በርካሽ ሲሠራ መስቀሉን ብቻ ማብራቱን ትቶ የቱቦውን ውስጥ በሙሉ ያቀላዋል፤ በተለይ ሲመሽ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት። ትልልቅ ክፍት መዘውሮቹ ለረጅም ርቀት ተኳሽ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ረጅም ርቀት የሚተኩስ ሰው ግን በየጥይቱ መዘውር የሚያዞር ነው። በየጊዜው የሚዞር ነገር ደግሞ ጠንካራ ማሽን ይጠይቃል። ማሽኑ ደካማ ሆኖ መዘውሩ ማማሩ ምን ይረባል?

መስቀሉ ላይ ያሉትን ምልክቶችም ተጠንቀቁ። በአብዛኛው ርካሽ ስኮፕ ላይ መስቀሉ ከማጉያው በኋላ ነው የሚቀመጠው። ማጉያውን ስትቀይሩ ዒላማው ያድጋል፤ መስቀሉ ግን ባለበት ይቆያል። ምልክቶቹ ልክ የሚሆኑት በአንድ ማጉያ ላይ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው። ይህን የማያውቅ ሰው በ6 እጥፍ ላይ ሆኖ በ24 እጥፍ ልኬት ያነጣጥራል። ይስታል፤ ለምን እንደሳተም አይገባውም። መስቀሉ ከማጉያው ፊት የሆነው ዓይነት ይሄ ችግር የለበትም። ርካሽ ሆኖ ሲሠራ ግን በትንሽ ማጉያ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥንና አይታይም።

ቀላሉ ርካሽ ስኮፕ ግን ይገዛል። በሙሉ ልብ ነው የምለው። 4×32፣ ወይም መቀያየር ካስፈለገ 3-9×40 ውሰዱ። 3-9×40 ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመረት የኖረ ስለሆነ ፋብሪካዎቹ ሥራውን አብጠርጥረው ያውቁታል። አንዴ ዜሮ አድርጋችሁ መዘውሩን ከከደናችሁት ማሽኑ የሚፈተነው በእርግጫ ብቻ ነው። እርግጫው ቀላል ከሆነ ለዓመታት ሊጸና ይችላል።

መካከለኛው፣ ማለትም የርካሹን ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚያወጣው፣ በእኔ ግምት የገንዘቡን ሙሉ ዋጋ የሚመልስ ነው። ከርካሽ ወደ መካከለኛ ስትወጡ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከመካከለኛ ወደ ውድ ስትወጡ ግን ለእያንዳንዷ ትንሽ ጭማሪ ብዙ ትከፍላላችሁ። እንስሳ የሚያድን ሰው ቢያንስ እዚህ ቢጀምር እመኛለሁ። ወረቀት ብትስቱ ወረቀት ነው። ሕይወት ያለው ፍጡር ግን በተንቀሳቀሰ ዜሮ ምክንያት ሆዱን ተመትቶ ሲሄድ በጣም ከባድ ነገር ነው። ስኮፕ ላይ ቆጥቤ እንስሳ ከማሰቃይ ያን ወቅት ሳላድን ባሳልፍ እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ አማራጭ አለ፤ ያገለገለ ጥሩ ስኮፕ። በአዲስ ርካሽ ስኮፕ ዋጋ ወይም ትንሽ ጨምሮ ያገለገለ መካከለኛ ማግኘት ይቻላል። እንደ ሉፖልድና ቮርቴክስ ያሉ አምራቾች ዋስትናቸው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ስኮፑን ቀጥሎ ለያዘው ሰውም ይሠራል። ስታዩት ቱቦው ላይ ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር የሚያስረው ቀለበት ጠባሳ ካለ፣ በተለይ የተጨፈለቀ ቦታ ካለ ተዉት። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ከፊት በኩል ውስጡን ተመልከቱ፤ ጭጋግ፣ ሻጋታ፣ የሚንከባለል ነገር መኖር የለበትም። ጆሯችሁ አጠገብ በቀስታ አነቃንቁት። የሚንኳኳ ካለ ውስጡ ተላቋል። መለያ ቁጥሩንም እዩ፤ የታዋቂ ስኮፖች አስመስሎ ሥራ በገበያ ላይ አለ። ዋጋው ለማመን የሚያስቸግር ከሆነ ዋናው አይደለም።

በመጨረሻም ስኮፕ ጭራሽ አለመግዛትም አለ። ጠመንጃው የራሱ ማነጣጠሪያ ካለውና ከ100 ሜትር በታች የምትተኩሱ ከሆነ በሱ ተለማመዱ፤ ገንዘቡ እስኪጠራቀም ድረስ። መጥፎ ስኮፕ ከመልካም ክፍት ማነጣጠሪያ አይሻልም። ለቅርብ ርቀትና ለፈጣን ዒላማ ደግሞ የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ አለ። ምንም አያጎላም፤ ግን ሁለት ዓይን ገልጦ ማየት ይቻላል።

እንደ ጠመንጃው

ለ.22፣ ማለትም ትንሿን ጥይት ለሚተኩሰው ጠመንጃ፣ ርካሽና ቀላል ስኮፕ በጣም ይበቃል። እርግጫው ከምንም አይቆጠርም። እኔም ያ 4×32 እስካሁን ያለው .22 ላይ ነው።

የአየር ጠመንጃ ላይ ግን ሰው ይሸወዳል። "ትንሽ ናት፣ ምን ትጎዳለች?" ይላል። ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ስኮፕን ይገድላል። ውስጡ ያለው ፒስተን ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይመታል። ተራ ስኮፕ የተሠራው ወደ ኋላ የሚመጣን እርግጫ እንዲችል ነው፤ ይሄ ባለ ሁለት አቅጣጫ ምት ሌንሶቹን ከቦታቸው ያላቅቃቸዋል። ለአየር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ መሆኑ ካልተጻፈበት አትግዙ።

ለአየር ጠመንጃ የፓራላክስ ጉዳይም አለ። ዓይናችሁን ከስኮፑ ጀርባ ትንሽ ወደ ጎን ስታንቀሳቅሱ መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከመሰላችሁ ያ ነው ፓራላክስ። ማስተካከያ የሌለው ስኮፕ ለአንድ ርቀት ብቻ ተስተካክሎ ነው የሚወጣው፤ ለትልልቅ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ 100 ሜትር አካባቢ። 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዛችሁ 200 ሜትር ላይ ብትተኩሱ የከፋው ስሕተት 2 ሴንቲ ሜትር ነው። አዳኝ በዚህ መጨነቅ የለበትም። 15 ሜትር ላይ ግን የከፋው 17 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአየር ጠመንጃ ዒላማ ደግሞ ራሱ ስንት ነው? ስለዚህ ፓራላክሱ ወደ ቅርብ የሚስተካከል ምረጡ። ዓይን መሃል ላይ ከዋለ ስሕተቱ ይጠፋል፤ ጉንጭን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማሳረፍ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ኃይለኛ እርግጫ ላለው ጠመንጃ ርካሽ ስኮፕ አይሆንም። ማሽኑ አይችለውም፤ ለሰውም አደገኛ ነው። ዓይን ከስኮፑ መራቅ ያለበት 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ርካሽ ስኮፖች ማጉያቸው ሲጨምር ይህ ርቀት ያጥራል። ዓይናችሁን አስጠግታችሁ ስትተኩሱ የስኮፑ ጠርዝ ቅንድባችሁን ይሰነጥቀዋል።

ከ300 ሜትር በላይ እየራቀ ለሚተኩስ፣ መዘውር እያዞረ ለሚሠራ ሰው፣ መልሴ አጭር ነው፦ ጠብቅ፣ አጠራቅም።

ቀለበቱን አትርሱ

ዜሮው የሚንሸራተት ስኮፕ ሁሉ ጥፋቱ የስኮፑ አይደለም። ብዙ ርካሽ ስኮፖች ቀለበት ተጨምሮላቸው ይሸጣሉ። ቀለበቱ ለስላሳ ብረት ነው፤ ብሎኑ ጥርሱ ይላጫል። ስኮፑን ያዙት፤ ቀለበቱን ቀይሩት። እንደኔ ከሆነ ርካሽ ስኮፕ በጥሩ ቀለበት፣ ከጥሩ ስኮፕ በመጥፎ ቀለበት ይበልጣል።

ብሎን ሲጠበቅ ደግሞ "ይበልጥ ይጥበቅ" ማለት ቱቦውን ይጨፈልቃል። ውስጡ ያለው ቀጭን ቱቦ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ያኔ ክሊኩ ይጣበቃል። ለቀለበቱ የላይኛው ክፍል ብሎን ብዙ አምራቾች የሚሉት ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከጣት ጥንካሬ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ነው። ኃይል የሚለካ መፍቻ ካላችሁ ተጠቀሙ፤ ከሌላችሁ በአጭሩ መፍቻ በሁለት ጣት ይዛችሁ እያፈራረቃችሁ ጥበቁ።

የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ፈትኑት

ርካሽ ስኮፖች ከአንዱ እስከ አንዱ ይለያያሉ። አንድ ሞዴል ሆነው አንዱ ደህና፣ አንዱ ብልሽት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መመለስ ከሚፈቀድበት ቦታ ግዙ። ከዚያ በጊዜው ፈትኑ።

መጀመሪያ ያለ ጥይት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። በጽኑ መያዣ ላይ አስሩትና አፈሙዙን ወደ ደህና አቅጣጫ አድርጉ። 100 ሜትር ላይ 1 ሜትር ቁመት ያለው፣ በትክክል ቀጥ ያለ መስመር የተሰመረበት ሰሌዳ አቁሙ። ክሊኩ 0.1 ሚል (እንደ ኤም ኦ ኤ ያለ ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ከሆነ እያንዳንዱ በዚህ ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር ነው። መስቀሉን ከመስመሩ አንድ ጫፍ አስጀምራችሁ 50 ክሊክ አዙሩ። መስቀሉ በመስመሩ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ሄዶ መቆም አለበት። 48 ላይ ከቆመ ልኬቱ ልክ አይደለም። ለአዳኝ ይሄ ችግር የለውም፤ ሁልጊዜ 48 ላይ የሚቆም ከሆነ። ከመስመሩ ወደ ጎን ከሸሸ መስቀሉ ወይም ስኮፑ ተጣሟል። 50 ክሊክ ስትመልሱት ወደ ጀመረበት ካልተመለሰ ግን ሌላ ምንም መፈተን አያስፈልግም፤ መልሱት።

ከዚያ በጥይት። ዜሮ አድርጉና ሦስት ተኩሱ። 20 ክሊክ ወደ ላይ አዙሩና ሦስት፤ 20 ወደ ቀኝና ሦስት፤ 20 ወደ ታችና ሦስት። አሁን 20 ወደ ግራ መልሱና የመጨረሻዎቹን ሦስት ተኩሱ። አራት ማዕዘን ሠርታችሁ ወደ መጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች መመለስ አለባችሁ። 15 ጥይት ነው፤ እኔ ካባከንኩት ግማሽ።

ማጉያ የሚቀያየር ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። በትንሹ ማጉያ ሦስት፣ በትልቁ ሦስት ተኩሱ። ማጉያውን ስትቀይሩ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ከተቀየረ ሌንሶቹ ይነቃነቃሉ።

ውኃ አያስገባም ከተባለ እሱም ይታያል። ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን የሚሞላው ደረቅ ጋዝ ስለሆነና ጭጋግ ስለማይፈጥር ነው፤ ጋዙ የሚቆየው ግን የጎማ ቀለበቶቹ ከያዙ ብቻ ነው። ስኮፑን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ደቂቃ ያህል አስቀምጡት። መጀመሪያ ከላዩ የተጣበቁ ጥቃቅን አረፋዎች ይለቃሉ፤ እነሱ ምንም አይደሉም። ከአንድ ቦታ፣ ከመዘውሩ ሥር ወይም ከዓይን ሌንሱ ጠርዝ፣ ተከታትለው የሚወጡ አረፋዎች ካያችሁ ግን እያፈሰሰ ነው። ቶሎ አውጡት፤ አድርቁት፤ በካርቶኑ አድርጋችሁ ወደ ሱቁ መልሱት።

ሁለት ማሳሰቢያ ደግሞ አለኝ። በስኮፕ ፀሐይን በፍጹም አትዩ፤ ዓይን ያጠፋል። ሌላው፣ በሩቅ የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ ለመለየት ስኮፕ አትጠቀሙ። ስኮፑ በዞረበት ሁሉ አፈሙዙም አብሮ ይዞራል፤ ያ በቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሊሆን ይችላል። ለማየት የእጅ መነጽር ያዙ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ፣ 4×32 ስኮፕና አንድ ርካሽ የእጅ መነጽር አንድ ላይ ከዚያ ባለ 6-24 በተሻለ ያገለግሏችኋል።